የማንጎ ማርማላታና ከባሕር ማዶ የመጣው ድስት



ባለፉት ወራት በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ጥናት፣ ስለ ጎረቤት ሐቅና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ወደ ማድ ቤት ልንወስዳችሁ ነው። «ኡስታዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ድስት ማማሰል የጀመረው?» የሚሉ ወዳጆች እንደማይጠፉን እናውቃለን። ይበሉን። ነገሩ ከድስት ቢጀምርም ከአንዲት እናት ጉልትና ከሁለት ተማሪዎች ደብተር ጋር የተያያዘ ነውና ልናልፈው አልቻልንም።

ሳንጃን የሚያውቅ ሙቀቷን ያውቃል። ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ታች አርማጭሆ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን እያወለቀ ነው የሚደርሰው። ሀገሩ የማሽላና የሰሊጥ ሀገር ነው። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ማንጎው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይደርስና ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ጠዋት ደህና ዋጋ የነበረው ማንጎ ከዙሁር በኋላ የሚጠይቀው ያጣል፤ ዓስር ላይ በለመኑት ዋጋ ይሄዳል፤ የቀረው በነጋታው ይጠቁራል። ሙቀቱ ፋታ አይሰጥም።

ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ከዚሁ ከጉልት በሚያገኙት ነው። በአንድ ምሽት ትልቋ ልጅ የበሰበሰ ማንጎ በላስቲክ እየሞላች ስታወጣ፣ «እማ፣ በዚህ ሳምንት የደፋነው እኮ የኔንም የእህቴንም ደብተር ይገዛ ነበር» ስትል በአጥሩ በኩል ሰማናት። እናቲቱ አልመለሱላትም። እኛም በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለን፤ ስለ ኢስራፍ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምረናል፤ እነዚህ ሰዎች ግን አባካኞች ሆነው አልነበረም የሚደፉት።

ነገሩ ከድስቱ ጋር የተገናኘው እንዲህ ነው። በአሜሪካ የምትኖረው እህታችን በመንገደኛ እጅ አንድ ካርቶን ልካልን ነበር። ውስጡ እነሱ «ስሎው ኩከር» የሚሉት፣ በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት አለ። ውጭው ብረት፣ ውስጡ ከባድ የሸክላ ዕቃ፣ ክዳኑ ብርጭቆ ነው። ከእሱ ጋር በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበረው፤ «አፕል በተር» የሚባለውን ነገር አሠራር ከጎረቤቷ ተምራ ለእናታችን ጽፋላቸዋለች። ቃሉን ብንፈታው «የፖም ቅቤ» ማለት ነው። ቅቤ ግን ጠብታም የለበትም። ልስላሴው እንደ ቅቤ በዳቦ ላይ ስለሚቀባ ነው ስሙን ያገኘው። ፖሙ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ስምንት አሥር ሰዓት ያህል በለስላሳ ሙቀት ይቆያል። ውሃው እየተነነ፣ የራሱ ስኳር እየጠነከረ ይሄድና መጨረሻ ላይ ቡናማ፣ ወፍራም ማርማላታ ይሆናል። ከሱቅ ማርማላታ የሚለየው ብዙ ስኳር አለመፈለጉ ነው። ስኳር እንዲህ በተወደደበት ዘመን ይህች አንዲት ነገር ጆሯችንን አቆመችው።

ከራይን ወንዝ አካባቢ ወደ ፔንስልቫንያ የፈለሱ ጀርመኖች ይህን ማርማላታ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በትልልቅ የመዳብ ጋን፣ ደጅ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ ተራ እየገባ ሲያማስል ይሠሩት ነበር። የኤሌክትሪክ ድስቱ ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው። ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ የቺካጎ ሰው በ1940 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አገኘበት፤ ሌላ ኩባንያ ገዝቶት በ1971 «ክሮክ ፖት» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ናክሰን ሐሳቡን ያገኘው እናቱ ካወሩት የሊቱዌንያ ታሪክ ነው ይባላል። በዚያ የነበሩ አይሁድ ለሰንበት የሚሆነውን ምግብ በድስት አድርገው ለዳቦ ጋጋሪው ይሰጡና በምድጃው ትራፊ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል ያድር ነበር። እኛ ደግሞ ይህን ስናነብ ትዝ ያለን ካይሮ ነው። በየቁርስ ቤቱ የምንበላው ፉል አንገተ ጠባብ በሆነ ድስት ተደርጎ፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶችን ውሃ ባሞቀው ፍም ውስጥ እያደረ የሚበስል ነበር። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ብልሃት ትራፊ እሳትን መጠቀም ነው። የኛ እናቶችስ ቡናው ከተፈላ በኋላ በቀረው ፍም ላይ ድንቹን ረመጥ ውስጥ ይቀብሩ የለም?

ይህን ያሰብነው ግን ድስቱን ካቃጠልነው በኋላ ነው።

አዎን፣ አቃጠልነው። ማንጎ ልጠን፣ ከትፈን፣ ሞልተን፣ ቢስሚላህ ብለን ሰካነው። እናታችን ከአጠገቡ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጭስ ከሥሩ ወጣ፤ መብራቱም ጥፍት አለ። ለተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ የምናስተምር ሰዎች ከዕቃው ሥር የተጻፈውን አንዲት መስመር ሳናነብ ነው የሰካነው! የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። በአንድ የሙቀት ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ደግሞ በቮልቱ ካሬ ነው የሚጨምረው፤ ስለዚህ 200 ዋት እንዲሆን የተሠራው ድስት ከ670 ዋት በላይ ተጫነበት ማለት ነው። ሦስት እጥፍ ከሚበልጥ ሸክም በታች ማን ይቆማል?

ከውጭ ዕቃ የሚላክላችሁ ቤተሰቦች ከኛ ተማሩ። ከዕቃው ሥር ወይም ከሶኬቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ፣ እንደ ብዙው የሞባይል ቻርጀር፣ ሥጋት የለውም። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ኃይሉን የሚችል ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ሳይኖር አትንኩት። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የምትቀይረው ትንሿ ዕቃ ቮልት አትቀንስም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

«ለመሆኑ ወረቀቱ ፖም እያለ ለምን በማንጎ?» የሚል አይጠፋም። ፖም ክረምቱን የሚተኛበት ብርድ ካላገኘ በወጉ የማያፈራ ዛፍ ነው። በሀገራችን ስሙ የገነነው በጋሞ ደጋ በጨንቻ ነው፤ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ሚስዮናውያን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካስገቡት ችግኝ ተነሥቶ የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ሆኗል። የሳንጃ ቆላ ግን ለፖም የሚሆን ብርድ ከየት ያመጣል? ገዝተን እንሥራ ብንል ደግሞ የአንድ ኪሎ ፖም ዋጋ ዘንቢል ማንጎ ይገዛል። አላህ በደጃችን የሰጠን ማንጎ ነው፤ ለዚህ ሥራም ከፖም አያንስም። ከ100 ግራም ማንጎ ውስጥ 83 ግራም ያህሉ ውሃ፣ 14 ግራም ያህሉ ስኳር ነው፤ የፖም ስኳር 10 ግራም ገደማ ነው።

እናታችን የተቃጠለውን ድስት አይተው ምንም አላሉም። ማንጎውን ገልብጠው በሸክላ ድስት አደረጉና የቡናው ፍም በቀረበት የከሰል ምድጃ ላይ ጣዱት። ፍሙን በአመድ ሸፈን አደረጉት። «እሳት የሚያበስለው ሲያዩት ነው እንዴ? ተነሡ፣ መግሪብ ደርሷል» አሉን። ስንመለስ ድስቱ እንደ ሰው ትንፋሽ ቀስ እያለ ‹ቡፍ፣ ቡፍ› ይላል። ሌሊት ሁለት ጊዜ ፍም ጨመሩበት። ጠዋት ማርማላታ ሆኖ ተገኘ፤ ቀለሙ የጠቆረ ማር ይመስላል። ጎረቤታችን ቀምሰው ዝም አሉ፤ ቀጥለው፣ «ልጄ፣ ይኼ ይሸጣል» አሉ።

እኛም ቸኮልን። በማግሥቱ ከሳቸው ትርፍ ማንጎ አምስት ኪሎ ሠራንና ለብ እንዳለ በሻይ ቤት ባዶ ጠርሙሶች ሞላነው። በአምስተኛው ቀን ትንሿ ልጅ ሮጣ መጣች። አንዱን ጠርሙስ ስትከፍት ‹ጢስ› ብሎ አረፋ ገንፍሎባታል። ሽታው የጠላ ሽታ ነው። ሌሎቹም እንደዚያው።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር እርሾ ሲያገኘው ወደ አልኮል ይለወጣል። የሚያሰክር ደረጃ የደረሰ ነገር ሐራም መሆኑ ለማንም ቤተሰብ የተሰወረ አይደለም። ጎረቤታችን ግን የአምስት ኪሎ ማንጎ፣ የከሰልና የስኳር ወጪ በዓይናቸው እየዞረ፣ «ደግመን ብናፈላው አይመለስም?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄያቸው የችግር ጥያቄ ነውና አልፈረድንባቸውም። መልሳችን ግን «አይሆንም» ነበር፤ ለዲናችንም ለጤናም። በደንብ ባልተሠራ በታሸገ ምግብ ውስጥ እርሾ ብቻ አይደለም የሚበቅለው፤ ጨርሶ የማይሸት መርዝም ሊኖር ይችላል። እናታችን ሁሉንም ከጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረው ደፉት። ትልቋ ልጅ እያየች ነበር። ሁለተኛ መድፋት መሆኑ ነው፤ በዚህኛው ደግሞ ጥፋቱ የኛ ነበር።

የስኳሩንና የከሰሉን ወጪ ከኪሳችን ከፈልን። ከዚያም እንደ አስተማሪ ቁጭ ብለን ጥፋታችንን ቆጠርን። ሎሚ አላደረግንም፤ ጠርሙሱን አልቀቀልንም፤ የሞላነውም ሙቁን ሳይሆን ለብ ያለውን ነው።

የሎሚው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። የምግብ አሲድነት የሚለካበት ፒኤች የሚባል መለኪያ አለ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መርዝ የሚያመነጨው ተሕዋስ አየር በሌለበት የታሸገ ዕቃ ውስጥ ይመቸዋል፤ ፒኤቹ ከ4.6 በታች ከሆነ ግን ማደግ አይችልም። ፖም ከዚህ በታች ስለሆነ ፈረንጆቹ ብዙ አይጨነቁም። በጣም የበሰለ ማንጎ ግን ከመሥመሩ ሊያልፍ ይችላል፤ ፓፓያማ ሁልጊዜም በላይ ነው። ስለዚህ ሎሚ ለጣዕም ብቻ የሚጨመር እንዳይመስላችሁ።

በሁለተኛው ጊዜ እንዲህ ሠራነው። አሥር ኪሎ ማንጎ ከነልጣጩ በደንብ ታጠበ፤ የልጣጩ ወተት የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካልና እጃችሁንም ታጠቡ። የጠቆረና የሸተተ ተለየ፤ የበሰበሰ ነገር በማፍላት አይድንም። ተልጦ ፍሬው ሲወጣለት ስድስት ኪሎ ገደማ ቀረ። የአካባቢው ማንጎ ጭረት ስለሚበዛበት ትንሽ ቀቅለን በወንፊት አሳለፍነው፤ ይህ አድካሚው ክፍል ነው፤ ሁለቱ ልጆች ተራ እየገቡ ጨረሱት። ለእያንዳንዱ ኪሎ አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ከመቶ ግራም ያልበለጠ ስኳር ጨመርን። አንድ እንጨት ቀረፋና ሦስት ቅርንፉድ በሻሽ ቋጥረን ጣልንበት፤ በኋላ ለማውጣት ይመቻል። እናታችን ኮረሪማ ይሻላል ባይ ናቸው።

ከዚያ ወደ ፍሙ። እሳቱ ነበልባል ካለው ሥሩ ያርራል፤ ያረረ ማርማላታ ደግሞ ሽታው ሁሉንም ያበላሻል። ድስቱ ግማሽ ክዳን ይኑረው፤ ሙሉ ከተከደነ እንፋሎቱ ተመልሶ ይወርድና ሲቀቀል ይውላል እንጂ አይወፍርም። የኤሌክትሪኩ ድስት ያላችሁም መጨረሻ ላይ ክዳኑን ፈቀቅ ማድረግ የሚያስፈልጋችሁ በዚሁ ምክንያት ነው። መጀመሪያ በየግማሽ ሰዓቱ፣ እየወፈረ ሲሄድ በየአምስት ደቂቃው በእንጨት ማማሰያ ሥሩን እየነኩ ማማሰል ነው። ስንፍና የሚቀጣው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እናት እንጀራው ካለቀ በኋላ ድስቷን ምጣዱ ላይ ብታሳርፈው ትራፊ ሙቀቱ ደህና ያግዛታል።

መድረሱን የምናውቀው በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ አድርገን ነው። በዙሪያው ውሃ ካንጠባጠበ አልደረሰም፤ ክምር ብሎ ከቆመ ደርሷል። ስድስቱ ኪሎ ሦስት ኪሎ ሆነ።

ጠርሙሶቹና ክዳኖቻቸው ተቀቅለው፣ ማርማላታው እየፈላ ተሞላ፤ ከአፉ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ተተወ። የተሞሉት ጠርሙሶች ከሥራቸው ጨርቅ በተነጠፈበት ድስት ውስጥ፣ ውሃው ክዳናቸውን አልፎ እየተንተከተከ 20 ደቂቃ ቆዩ። ጎንደር ከተማና ከዚያ ከፍ ባለው ደጋ ያላችሁ 25 ደቂቃ አድርጉት። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው የሚፈላው። ደባርቅ ላይ ከዚያም ያንሳል። የዛገና የላላ ክዳን አትጠቀሙ። ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ እንደ ሱቅ ማርማላታ ዓመት ይቀመጣል ብለን አናታልላችሁም። በሳንጃ ሙቀት በወር ውስጥ እንዲያልቅ እንመክራለን፤ ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ከሌለ በሁለት በሦስት ቀን። አረፋ፣ ሻጋታ ወይም ያበጠ ክዳን ያየ ሰው መቅመስ የለበትም።

አንድ ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ደርሶናል፤ «የሱቅ ማርማላታ ጄላቲን የለበትም ወይ?» የሚል። ማርማላታን ብዙውን ጊዜ የሚያረጋው ፔክቲን ነው፤ እሱም ከፖምና ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣ ነው። ጄላቲን ግን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ሲሆን በለስላሳ ከረሜላዎች ውስጥ ይበዛል። ሁለቱን ስም ለይታችሁ ማሸጊያውን አንብቡ። እኛ ከድስቱ ያወጣነው ሁለቱም አይጨመሩበትም።

ከሦስቱ ኪሎ አሥር ጠርሙስ ወጣ። እናታችን ሁለቱን ወሰዱ። ስምንቱን ጎረቤታችን በጉልታቸው ላይ ደረደሩ፤ በመጀመሪያው ቀን የተሸጠው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የገዛነው እኛ ነን ብንል አንዋሽም። በሁለተኛው ቀን ሻይ ቤት ያላቸው ሰው ዳቦ ላይ ቀብተው ቀመሱና አራቱን አነሱ። በሳምንቱ አለቀ። ከሰል፣ ስኳርና ሎሚ ሲቀነስ የሁለቱ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ወጣ። ጫማው አልወጣም። ሥራው ሁለት ሌሊት መፍጀቱንም አንርሳ፤ ጠዋት ጉልት ለምትቀመጥ እናት ሁለት ሌሊት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አሁን በየሳምንቱ ሳይሆን ማንጎው የወደቀ ሰሞን ብቻ ይሠራሉ።

ትልቋ ልጅ ደግሞ ሌላ መንገድ አመጣች። የሻም ሰዎች፣ በተለይ የደማስቆ አካባቢ ሰዎች፣ አፕሪኮት የተባለውን ፍሬ አብስለው፣ በሰፊው ቀብተው፣ በፀሐይ አድርቀው እንደ ቆዳ የሚጠቀለል ያደርጉታል። «ቀመረዲን» ይባላል፤ በረመዳን በውሃ ተበጥብጦ ለኢፍጧር ይጠጣል። ይህንን በዐረብኛ ትምህርት ጊዜ አጫውተናት ነበር። ልጅቷ ከድስቱ ጥቂት ማርማላታ ወስዳ ትሪ ላይ የሰሊጥ ዘይት ቀባች፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ውፍረት አሰማረችው፤ ለዝንብ ሻሽ ሸፍና ከቆርቆሮው ጣራ ላይ አወጣችው። የግንቦት ፀሐይ ያለ ከሰል በሁለት ቀን አደረቀላት። ጣት የማይዝ ሲሆን ተላጠ። በመቀስ ቆርጣ ትምህርት ቤት በር ላይ በአንድ ቀን ሸጠችው። ዝናቡ ሲጀምር ግን ይህ አይሆንም፤ በሰኔ የሞከረችው ሻግቶባት አልቅሳለች።

እህታችን በቅርቡ ደውላ ነበር። «ድስቷ እንዴት ናት? ትሠሩባታላችሁ?» አለች። እኛ ምን እንበል እያልን ስንንተባተብ እናታችን ስልኩን ከእጃችን ወሰዱት። የኤሌክትሪኩ ክፍል መሞቱን አልነገሯትም። ውስጡን የሸክላ ዕቃ አውጥተው ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጠውታል፤ በቀጥታ እሳት ላይ ቢጣድ እንደሚሰነጠቅ ነግረናቸው ነበርና።

«ደህና ናት ልጄ» አሏት፤ «ሎሚዋን ትይዝልናለች።»